በዕድር ማስታወቂያ ልክ የተሠራው ኪቦርድ

እኔ ችኩል ሰው ነኝ። ቀድሜ ልናገረው፣ አለዚያ ባለቤቴ ትናገርብኛለች። ሻይ ሳይበርድ ጠጥቼ ምላሴን የማቃጥል፣ ደንበኛ ጥያቄውን ሳይጨርስ መልስ የምሰጥ፣ ሶላት ላይ እንኳ ኢማሙን ልቀድመው ምንም የማይቀረኝ ሰው ነኝ። ጁባ ውስጥ፣ ኮር ዊሊያም በሚባለው ሰፈር፣ መንገድ ዳር አንዲት የጽሕፈትና የኮፒ ሱቅ አለችኝ። ግማሿ የኔ ናት፤ ኮምፒውተር፣ ፕሪንተር፣ ኮፒ ማሽን። ግማሿ የባለቤቴ ናት፤ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ፖስታ፣ ከዚያ ደግሞ ከወሎ የሚመጣልን በርበሬ። በርበሬው ከወረቀቱ የበለጠ ስለሚሸጥ የሱቁ አለቃ ማን እንደሆነ አንከራከርም።

ጁባ ላይ ኪቦርድ አይበረክትም። በበጋ አቧራው፣ በዝናብ ጊዜ እርጥበቱ፣ ሁልጊዜ ደግሞ የኔ የጣት ምት። ስድስት ወር የቆየልኝ ኪቦርድ ካለ ደግ ነው። መጀመሪያ የተበላሸውን መጠገን ጀመርኩ፣ ቀጥሎ ከዱባይ ሰሃንና ብርጭቆ የሚያስመጣ ጎረቤቴ በካርቶኑ ጥግ መለዋወጫ እንዲያመጣልኝ ለመንኩት፣ ትንሽ ቆይቶ ሙሉ ኪቦርድ ከባዶ መገጣጠም ለመድኩ። እያንዳንዱ ቁልፍ ለብቻው የሚፈታ፣ የሚቀየር፣ ሲመታ ቀጭ ቀጭ የሚል። ባለቤቴ ይህን ድምፅ አትወደውም፤ «ጎረቤቶቻችን ቤት ይሠራሉ፣ የኔ ባል ቁልፍ ይፈታል» ትላለች።

ብዙ ሰው «ኤ» የተጻፈበትን ቁልፍ ሲመታ ኤ የሚወጣው የግድ ይመስለዋል። የግድ አይደለም። ቁልፉ ራሱ ምንም አያውቅም። የምታውቀው ከሥሩ ያለችው ጥፍር የምታህል ቺፕ ናት። እሷ ውስጥ ፈርምዌር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ተቀምጧል፤ «በሁለተኛው ረድፍ አራተኛው ቁልፍ ሲነካ ይህን ፊደል ላክ» የሚል ዝርዝር ነው። በሱቅ ኪቦርድ ላይ ዝርዝሩን የሚጽፈው ፋብሪካው ነው፤ እኔ በምገጣጥመው ላይ ግን እኔ ነኝ። ለአንድ ቁልፍ ሁለት ፊደል መስጠትም ይቻላል። አንዱን ቁልፍ ተጭነህ ስትይዝ የቀሩት ሁሉ ሌላ ፊደል ይሆናሉ። ባለሙያዎቹ ሌየር ይሉታል፣ እኔ ፎቅ እለዋለሁ። ሳትይዝ ስትመታ ምድር ቤት ያለው ፊደል ይወጣል፣ ይዘህ ስትመታ ፎቅ ላይ ያለው።

ታዲያ አንድ ሰኞ ከዐሱር ሶላት ስመለስ አንዲት የማውቃት ሴት የኔ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ብዙ ጊዜ የመሥሪያ ቤቷን ወረቀት ኮፒ ልታስደርግ የምትመጣ ጸሐፊ ናት። አገሯ እዚሁ ደቡብ ሱዳን ነው፤ ያደገችው ግን ኢትዮጵያ ውስጥ በስደት፣ የተማረችውም እዚያው ነው። ከኔ ጋር በአማርኛ ነው የምንጫወተው፣ ከባለቤቴ ጋር በአማርኛ ነው የሚከራከሩት፣ መንገድ ላይ ከቦዳ ቦዳ፣ ከሞተር ታክሲ ነጂ ጋር ስትጨቃጨቅ ብቻ ወደ ጁባ ዐረብኛ ትዞራለች። ሁለት ወር ያህል ጠፍታብን ነበር።

«ጋሼ፣ ያንተ የሚጮኸው ኪቦርድ ለአንድ እጅ ይሆናል?» አለችኝ።

ቀኝ እጇን ከጠረጴዛው ሥር አውጥታ አሳየችኝ። ጣቶቿ እንደተጨበጡ ቀርተዋል። የዛሬ ሁለት ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ወንዙ ዳር ረጃፍ ወርዳ ዓሣ ገዝታ ስትመለስ የተሳፈረችበት ቦዳ ቦዳ ተገልብጦ ነው። አጥንቱ ገጥሟል፣ ጅማቱ ግን ተጎድቶ ጣቶቿ አልዘረጋ ብለዋል። ሐኪሙ ዓመት ጠብቂ ብሏታል፣ ያውም ተስፋ ሳይሰጣት። «ዓሣው ምንም አልሆነ» አለች። «እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ጎረቤቶቼ ጠብሰው በሉት። ጣፋጭ ነበር ብለው ነገሩኝ እኮ።» እየሳቀች ነው ይህን የምትለው። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

የመጣችበት ጉዳይ ይህ ነው። ሥራዋ በስብሰባ ላይ ሰው እየተናገረ ቃለ ጉባኤ መጻፍ ነው፣ በእንግሊዝኛ። ዐሥር ጣቷን ሳታይ የምትመታ፣ በከተማው የታወቀች ጸሐፊ ነበረች። መሥሪያ ቤቷ አላባረራትም። የሁለት ሳምንት ጊዜ ሰጥቷታል፤ ሰኞ ሳምንት ሳይሆን ከዚያ የሚቀጥለው ሰኞ የወሩ ስብሰባ አለ። ያንን ስብሰባ ይዛ ቃለ ጉባኤውን በዕለቱ ካወጣች ወንበሯ ወንበሯ ነው። ካልሆነላት ግን በር ላይ ተቀምጣ እንግዳ ትመዘግባለች።

«ደመወዝሽ አይቀነስም ብለውኛል» አለች። «ደመወዙን መቼ ጠየቅኳቸው? ከኢትዮጵያ ስመለስ ጋሼ፣ ዘመድ የለኝ፣ ቤት የለኝ፣ ያለኝ ጣቶቼ ብቻ ነበሩ። በነሱ ነው እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት። አሁን በር ላይ ሆኜ ሌላ ሰው እዚያ ተቀምጦ ሲጽፍ ልስማ?»

እሷ ሳትጨርስ እኔ እሺ ብያለሁ። ባለቤቴ ከወዲያ በኩል ቀና ብላ አየችኝ፤ ያችን አስተያየት አውቃታለሁ፤ «ደግሞ ምን ውስጥ ገባህ» ማለቷ ነው።

ነገሩ ለኔ ቀላል ነበር፤ ቢያንስ መስሎኝ ነበር። ግማሽ ኪቦርድ እሠራለሁ፤ በግራ እጅ በኩል ያሉት ዐሥራ አምስት ፊደላት ብቻ ያሉበት። የቀሩትን ዐሥራ አንዱን ፎቅ ላይ አሰፍራቸዋለሁ። የክፍተቱን ቁልፍ በአውራ ጣት ነካ ስታደርገው ክፍተት ይሆናል፣ ተጭና ስትይዘው ወደ ፎቅ ያወጣታል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የትኛው ፊደል የት ይቀመጥ የሚለው ብቻ ነው።

ለዚህ ደግሞ የታወቀ መንገድ አለ። የቀኙን ግማሽ ልክ በመስታወት እንደሚታይ ገልብጠህ በግራው ላይ ማስቀመጥ ነው። ቀኝ ሌባ ጣት ይመታው የነበረውን ፊደል አሁን ግራ ሌባ ጣት ከፎቅ ይመታዋል፣ የቀኝ ትንሿን ጣት ፊደል የግራ ትንሿ ጣት። አውቀው ነበር። ናቅኩት። የሰነፍ ሥራ ነው አልኩ፤ ማንም የሚሠራውን ለምን እሠራለሁ? እኔ ጥናት ነበረኝ።

ጥናቱ ምን መሰላችሁ። እዚህ ያለን ነጋዴዎች ዕድር አለን፣ ጸሐፊው እኔ ነኝ። ማስታወቂያው፣ የለቅሶ ጥሪው፣ የዒድ መልእክቱ፣ መዋጮ ላላመጣ ሰው የሚላከው ለስላሳ ተግሣጽ፣ ሁሉም በኔ ጣት ነው የሚያልፈው። አማርኛ ስንጽፍ ደግሞ በእንግሊዝኛው ድምፅ ነው የምንመታው፤ ኤስ መትተህ ኢ ስትጨምርበት «ሰ» ይወጣል። አንድ ሰሞን ኪቦርዴ የትኛውን ቁልፍ ስንቴ እንደምመታ እንዲመዘግብልኝ አድርጌ ነበር፣ እንዲሁ ለፍቅሩ። ያ ዝርዝር እጄ ላይ ነበር። ከዝርዝሩ አይቼ ብዙ የማይመቱትን ሰባት ፊደላት፣ ኤፍን፣ ሲን፣ ጂን፣ ቪን፣ ሌሎቹንም፣ ከምድር ቤት አስወጥቼ ፎቅ ሰደድኳቸው። በነሱ ምትክ እንደ ኤን፣ ኤም፣ ኤልና አይ ያሉትን ሰባት ደንበኞች አወረድኩ። ወላሂ አምሮ ነበር። ሦስት ቀን ስበይድ፣ ስጽፍ፣ ሳራግፍ፣ መልሼ ስጭን ከርሜ ዓርብ ዕለት ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው እንደዚያ የኮራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ልምምዱን በዚያው ዕለት ጀመርን። ከሥራ ስትወጣ ትመጣለች፣ እኔ ከሶላት እመለሳለሁ፣ ሻይ ይቀርባል፣ እኔ እያነበብኩ እሷ ትመታለች። የመጀመሪያ ቀን ትሠቃያለች። የፈለገችው ፊደል ሲጠፋባት ጣቷን አንስታ በአየር ላይ ትይዘዋለች፣ እኔ ደግሞ አላስችል ብሎኝ «እሱ ፎቅ ነው፣ ፎቅ ነው አልኩሽ» እላለሁ።

«ጋሼ፣ እያነበብክልኝ ነው ወይስ እየተቆጣኸኝ?» ትላለች።

«ሁለቱንም።»

«አንዱን ምረጥ፣ ሁለቱን መጻፍ አልችልም።»

የማነብላት ምን ነበር? እጄ ላይ ያለውን ነዋ፤ የዕድሩን ማስታወቂያ። ማስታወቂያው ሲያልቅ ሐሜት አነበንብላት ጀመር፤ ስለ ጎረቤት ባለሱቆች፣ ስለ ባለቤቴ በርበሬ፣ ስለ ራሴ ጀግንነት። እሷ ትጽፈዋለች፣ ባለቤቴ መጥታ ከስክሪኑ ላይ ታነብና «ይህ ውሸት ነው፣ አጥፊው» ትላታለች፣ እሷ ደግሞ «ቃለ ጉባኤ አይሰረዝም» ብላ ትመልስላታለች። በአምስተኛው ቀን ጣቶቿ መሮጥ ጀመሩ። በሰባተኛው ቀን እኔ ማንበቤን ትቼ እሷ የራሷን መጻፍ ጀመረች።

ስለ ልጅነቷ ትምህርት ቤት ነበር የጻፈችው። ዝናብ ሲመጣ የቆርቆሮው ጣሪያ ድምፅ መምህሩን ስለሚውጠው መምህሩ ትምህርቱን በምልክት ይቀጥል እንደነበር፣ አንድ ቀን ስለ ሳምባ በምልክት ሲያስተምር ክፍሉ በሙሉ ስለ ዶሮ የሚያስተምር መስሎት እንዴት እየተነሳ ክንፉን እንዳራገበ። ባለቤቴ በርበሬዋን ትታ እስክታለቅስ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ ግን ሁለተኛ ሳነበው ደነገጥኩ። አማርኛዋ ከኔ ይበልጣል። ዐሥራ ሁለት ዓመት የዕድር ጸሐፊ ሆኜ እንደዚያ ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ አላውቅም። ደስም አለኝ፣ ትንሽም ቀናሁ፣ ምን ልደብቅ።

ያነቃችን ባለቤቴ ናት። ለስብሰባው አራት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ በርበሬ እየመዘነች ቀና ሳትል «ስብሰባው ግን በአማርኛ ነው እንዴ?» አለች።

ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ቆመ።

አንድ ሳምንት ሙሉ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አልጻፍንም ነበር። ወዲያው ካለፈው ዓመት የቆየ ቃለ ጉባኤ ከቦርሳዋ አስወጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ያች ስትሮጥ የነበረች እጅ ተደናቀፈች። ኤፍ ፎቅ፣ ሲ ፎቅ፣ ቪ ፎቅ፣ ጂ ፎቅ። «ኮሚቴ» ሲል ፎቅ፣ «ጋቨርንመንት» ሲል ሦስቴ ፎቅ፣ በየመስመሩ የማትጠፋዋ «ኦፍ» ራሷ ሁለቱም ፊደሏ ፎቅ ላይ ነው ያለው። በአማርኛ አንድ ገጽ በምትጨርስበት ጊዜ በእንግሊዝኛ አራት መስመር አልሞላችም። የመሥሪያ ቤቱን ቃለ ጉባኤ በዕድር ማስታወቂያ ልክ ሰፍቼላት ኖሯል።

ከዚያ የባሰው ግን ሌላ ነው። የሷ እጅ ሃያ ዓመት እንግሊዝኛ ሲመታ የኖረ እጅ ነው። የትኛው ፊደል የት እንዳለ ጣቶቿ በራሳቸው ያውቁታል። እኔ ደግሞ ሰባት ሰባቱን አቀያይሬ ያንን ያወቁትን ሁሉ አፈረስኩባቸው። ብልህ ነኝ ብዬ ያላት ብቸኛ ንብረት ላይ ነው የተረማመድኩት።

«ጋሼ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ አውቄዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ለቢሮ እንደማይሆን። ቤት ገብቼ በሐሳቤ እንግሊዝኛ ስመታ ጣቴ ሲጠፋበት አውቄዋለሁ።»

ተናደድኩ። በራሴ ነው የተናደድኩት ብል ደስ ባለኝ፣ ግን በሷም ተናድጃለሁ። ስድስት ቀን! ስድስት ቀን እንዴት ዝም ይባላል? ወንበርሽ አይደለም እንዴ? ብዬ ጮህኩባት። ሱቅ የገባ ደንበኛ ኮፒውን ትቶ ወጣ።

እሷ ጩኸቴን ጨርሼ እስክተነፍስ ጠበቀችኝ። «አማርኛ ከጻፍኩ ስንት ዘመኔ መሰለህ» አለች። «እዚያ ሳለሁ በድርሰት አንደኛ የወጣሁ ልጅ ነኝ። እዚህ ግን አማርኛ የምናገረው ሽንኩርት ስገዛ ነው። እዚያ የውጭ አገር ሰው ነበርኩ፣ እዚህ ስመጣ ሐበሻ ነሽ አሉኝ። ይህ ኪቦርድ ላይ ስቀመጥ ግን ሁሉም ነገር እየመጣልኝ፣ እጄ እየሄደልኝ፣ እናንተም እየሳቃችሁ፤ እንግሊዝኛውን ባነሳው ሊያልቅብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ እዚህ ደረስኩ።»

ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ። ባለቤቴ ሻይ ጨመረችላት፣ ስኳሩንም ራሷ አማሰለችላት።

«ካላስ፣ በቃ» አልኩ። «ነገ ከጁምዓ በኋላ ነይ። እናፈርሰዋለን።»

ዓርብ ዕለት ያን የምወደውን ዝርዝር አጠፋሁትና የናቅኩትን የመስታወቱን ጻፍኩ። ሰባቱን ወደየቦታቸው መለስኩ፣ የቀኙን ግማሽ ገልብጬ ፎቅ ላይ አስቀመጥኩት። ሦስት ቀን የለፋሁበት ነገር በአንድ ሰዓት ውስጥ ጠፋ፤ ቺፗ ላይ ለመጫን ደግሞ አንድ ደቂቃም አልፈጀ። እሷ ዓይኗን ጨፍና እጇን አሳረፈች። ግራ ሌባ ጣቷ ኤፍ ላይ ነው፣ ከፎቅ ደግሞ ቀኝ ሌባ ጣቷ ሃያ ዓመት የመታውን ጄን ያገኛል። ቀስ ብላ ጀመረች፣ ቆመች፣ እንደገና ጀመረች። ጥቂት መስመር እንደሄደች ዓይኗን ገለጠችና «ቀኝ እጄ እየነገረው ነው» አለች። «ወላሂ ጋሼ፣ ለግራው እየነገረው ነው።» ክርስቲያን ናት፤ ወላሂን ከኔ ነው የለመደችው።

በዚህ አለቀ ብላችሁ ነበር፤ እኔም ብዬ ነበር። ቅዳሜ ፍጥነት ስንጨምር፣ በአማርኛው ፎቅ ብዙ ስለማትወጣ ያልታየን አዲስ ጣጣ መጣ። የክፍተቱ ቁልፍ ሁለት ሥራ አለው ብያለሁ፤ ነካ ሲደረግ ክፍተት፣ ሲያዝ ፎቅ። ቺፗ ሁለቱን የምትለየው በጊዜ ነው። ጣቱ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ በላይ ከቆየ ይዞታል ትላለች። ይህን ልክ ያወጣሁት በራሴ አውራ ጣት ነበር፣ በችኩሉ። እሷ ደግሞ ረጋ ብላ የምትመታ ሰው ናት። ክፍተት ስትፈልግ ፎቅ ትወጣለች፣ ቃል ከቃል ይጣበቃል። ጊዜውን አስረዘምኩላት፤ ያኔ ደግሞ ፎቅ ስትፈልግ ክፍተት ይመጣል። አሳጠርኩ። አስረዘምኩ። እሷ ደከመች፣ አውራ ጣቷ ዛለ፣ እኔ ላብ በላብ ሆንኩ። «በርታ በይ እንጂ፣ ያዝ አድርጊው እንጂ» እያልኩ መጮኼን ቀጠልኩ።

ድንገት ቀኝ እጇን አነሳችና ጠረጴዛውን በጭብጧ ደቃችው። ብርጭቆዎቹ ዘለሉ፣ ባለቤቴ ዘለለች፣ እኔም ዘለልኩ። ተናዳ ነው። ከዚያ ግን እጇን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ትታ ትክ ብላ ታየው ጀመር።

«ይህ መጫን ይችላል እኮ» አለች።

እጁ መዘርጋት እንጂ መጫን መቼ አቃተው? ሁለት ሳምንት ሙሉ ግራ እጇን ስለካ፣ ስመዝን፣ ስቆጥር ከርሜ ያ እጅ ምን መሥራት እንደሚችል አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳትም። የተበላሸ ዕቃ ነው ብዬ ትቼው ነበር። አፈርኩ፣ እውነቴን ነው፣ ፊቴ እስኪሞቅ አፈርኩ።

ከሞተ ኪቦርድ ላይ ትልቁን የኢንተር ቁልፍ ፈታሁ። የእጅ መዳፍ በምታህል እንጨት ላይ አሰርኩት፣ ሽቦ ስቤ ከቺፗ ጋር በየድኩት፣ ፈርምዌሩ ውስጥ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ ይህ ቁልፍ እስከተጫነ ድረስ ፎቅ። የክፍተቱ ቁልፍ ክፍተት ብቻ ሆነ። የጊዜ ግምት የሚባል ነገር ቀረ። በቀኝ በኩል አስቀመጥኩላት፣ ጭብጧን ጫነችበት። ግራው ይመታል፣ ቀኙ ይጫናል፣ ይለቅቃል፣ ይጫናል። ሁለቱ እጆቿ አብረው ሲሠሩ ካየኋቸው ሁለት ወር ከምናምን ሆኗል። ባለቤቴ የበርበሬውን ጆንያ አፍ ይዛ ቆማ ቀረች። እሑድ ሙሉ ቀን፣ እሷ ከቤተ ክርስቲያን ከተመለሰችበት ጀምሮ፣ እንግሊዝኛ ብቻ አነበብኩላት። አልጮህኩም። አንዴ ብቻ።

ሰኞ ዕለት ሥራ አልሠራሁም፣ ሠርቻለሁ ብዬ አላታልል። አንድ ሰው አምስት ኮፒ ሲጠይቀኝ ሃምሳ አወጣሁለት። ለሌላው ፓስፖርቱን ገልብጬ ኮፒ አደረግኩለት፤ ባዶ ወረቀት ይዞ ሄዶ ተመለሰ። ባለቤቴ ከማሽኑ አጠገብ አስነስታ በር ላይ አስቀመጠችኝ። እንደ ሰዓት ጠባቂ ስልኬን ሳይ፣ በጀበል ኩጁር ተራራ በኩል ያለውን መንገድ ሳይ ዋልኩ። ስብሰባው ሦስት ሰዓት ላይ ተጀምሮ በስድስት ያልቃል ብላኛለች። ሰባት ሆነ፣ ስምንት ሆነ። አልደወለችም። መደወል ፈለግኩ፣ ባለቤቴ ስልኩን ነጠቀችኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ከቦዳ ቦዳ ወርዳ አየኋት። ኪቦርዱን በሻርፕ ጠቅልላ አቅፋዋለች። ዓይኗ ቀልቷል። እዚያው በሩ ላይ ከፊቴ ቆመች፣ ከቦርሳዋ አራት ገጽ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። ቃለ ጉባኤው ነው። ሙሉ ነው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። በየገጹ ግን በቀይ እስክሪብቶ ተከቦ፣ ተሰምሮበት፣ ጥግ ላይም በትልቁ ተጽፎበት ነበር።

«ምን አደረጉሽ?» አልኳት።

«አለቃዬ ነው» አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ስብሰባው እንዳለቀ አትሜ ሰጠሁት። አነበበው። ቀጥሎ ጠራኝ። የሁለት ሰው ስም አሳስቻለሁ፣ አንድ ውሳኔ ከቦታው ውጪ ጽፌያለሁ። በሰው ፊት ጮኸብኝ፣ ጋሼ። ይህን የመሰለ ስህተት ካንቺ አልጠብቅም ብሎ ጮኸብኝ።»

እኔ ለዚያ ሰውዬ የሚሆን ስድብ እያዘጋጀሁ ነበር፤ በሦስት ቋንቋ። እሷ ግን እያለቀሰች ትስቃለች።

«አልገባህም» አለች። «ከወደቅኩ ጀምሮ አንድም ቀን ተቆጥቶኝ አያውቅም። ማንም ተቆጥቶኝ አያውቅም። በሹክሹክታ ነው የሚያናግሩኝ፣ በር ይከፍቱልኛል፣ ስሳሳት አይዞሽ ይሉኛል። ዛሬ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረልኝና ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ይህን አርመሽ ወንበርሽ ላይ ተቀምጠሽ ካላገኘሁሽ ወዮልሽ አለኝ።»